የፉክክር ቤት፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሻሙት ምንን ነው?

ስለ ድኅረ ምረቃ ትምህርት በተወራ ቁጥር አንድ አኃዝ ብቅ ይላል። የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች በድብርትና በጭንቀት የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው በ6 እጥፍ ይበልጣል የሚል ነው። አኃዙ ከአንዱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ወደ ሌላው ይዞራል። ከሥሩም ሁሌ ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን «ልጆቹን የጨረሳቸው ውድድሩ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ውድድር የማይችል ምን ሊሠራ ገባ?» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ወገኖች ውድድርን እንደ አንድ ነገር ይወስዱታል። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። በድኅረ ምረቃ ትምህርት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ውድድር አለ። አንዱ እውነተኛ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ግን በአብዛኛው በዓይን የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሌላው በአጠገብ ካለ ሰው ጋር የሚደረግ ነው፤ የሚሻሙበት ነገር ግን ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ተማሪው የሚጎዳው ሁለቱ ሲደባለቁበት ነው።

አኃዙ የሚለውና የማይለው

በመጀመሪያ ያንን «6 እጥፍ» እናጥራው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አኃዙ የመጣው በ2018 «ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ» በተባለው ጆርናል ላይ ከወጣ ጥናት ነው። ጥናቱ በ26 አገሮች ያሉ 2,279 ሰዎችን በመጠይቅ ጠየቀ። አብዛኞቹ የፒኤችዲ ተማሪዎች ነበሩ። 39 በመቶ ያህሉ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የድብርት ምልክት ታየባቸው። ለማነጻጸሪያ የቀረበው የጠቅላላው ሕዝብ አኃዝ 6 በመቶ ነበር። 39ን ለ6 ማካፈል ነው እንግዲህ።

ችግሩ መጠይቁ የተሰራጨበት መንገድ ነው። በኢሜይልና በማኅበራዊ ሚዲያ ተላከ፤ የፈለገ ሞላው። የከፋው ሰው እንዲህ ያለ መጠይቅ ሲያይ ቆም ይላል። ደህና የሆነው አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ጥናቱ ችግሩ መኖሩን ይነግረናል እንጂ ልኩን አይነግረንም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ የቤልጂየም ጥናት ጠንከር ያለ ነው። በፍላንደርስ ግዛት 3,659 የፒኤችዲ ተማሪዎችን አካቷል። ያነጻጸራቸውም ከማንም ጋር ሳይሆን ከፍተኛ ትምህርት ካላቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ነው። ከሦስቱ አንዱ ገደማ፣ ማለትም 32 በመቶው፣ ለአእምሮ ጤና ችግር በተለይም ለድብርት የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከችግሩ ጋር የተያያዙት ነገሮች ዝርዝር ነው። የሥራ ጫና አለ። ሥራና የቤተሰብ ሕይወት መጋጨታቸው አለ። የአማካሪው፣ ማለትም የተማሪውን ምርምር የሚመራው መምህር፣ የአመራር ዘይቤ አለ። በቡድኑ ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥበት ባህል አለ። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ማመን አለማመንም አለ።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ «ጎበዝ የክፍል ጓደኛ» የሚል የለም። ያለው አወቃቀር ነው፣ አለቃ ነው፣ የወደፊት ተስፋ ነው። ሆኖም ተማሪው ማታ ተኝቶ የሚያስበው ስለ አወቃቀሩ አይደለም። ስለዚያች ባለፈው ሳምንት ፔፐሯ ስለወጣላት ልጅ ነው።

መሰላሉ የጠበበበት ምክንያት

አንድ ፕሮፌሰር በሥራ ዘመኑ ስንት ዶክተር ያስመርቃል? በ2014 የወጣ ጥናት የአሜሪካን የምህንድስና መምህራን ወስዶ አስልቶታል። መልሱ በአማካይ 7.8 ነው። የስሌቱን ሐሳብ የተዋሱት ከተላላፊ በሽታ ሳይንስ ነው፤ አንድ በሽተኛ በአማካይ ስንት ሰው ያስይዛል እንደሚባለው። ንጽጽሩ ትንሽ ያስቃል፤ ያስደነግጣልም። የመምህርነት ቦታዎች ቁጥር ባለበት ከቆመ ከስምንቱ ገደማ ተመራቂዎች የፕሮፌሰሩን ወንበር የሚወርሰው አንዱ ነው። ሰባቱ ሌላ መንገድ መፈለግ አለባቸው።

ወንበሩም ቢሆን በእኩል አይከፋፈልም። በ2022 «ኔቸር» ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት በአሜሪካ የሚያስተምሩ ቋሚ መምህራን የት እንደተማሩ ቆጠረ። አገር ውስጥ ከሠለጠኑት 80 በመቶዎቹ የፒኤችዲ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዩኒቨርሲቲዎቹ 20 በመቶ ገደማ ከሆኑት ብቻ ነው። ይህ ማለት የውድድሩ ትልቁ ክፍል ተማሪው ገና ሲገባ፣ የበሩን ስም ሲያነብ፣ ተጠናቋል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ የማቴዎስ ውጤት የሚባለው ይጨመራል። ቃሉን በ1968 ያወጣው የሶሺዮሎጂ ሊቁ ሮበርት መርተን ነው። ስሙን የወሰደው በማቴዎስ ወንጌል ላላቸው ይጨመርላቸዋል፣ ከሌላቸው ያለውም ይወሰዳል ከሚለው ቃል ነው። መርተን ያየው ታዋቂ ሳይንቲስት ለአንድ ሥራ ከማይታወቀው ይልቅ ብዙ ምስጋና እንደሚያገኝ ነው። በ2018 በሆላንድ የተሠራ ጥናት ደግሞ ይህንኑ በገንዘብ መዘነው። ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጥ የምርምር ድጎማ ነበር። በማለፊያው መስመር ጫፍ ላይ ሆነው ለጥቂት ያለፉና ለጥቂት የወደቁ ሰዎች ተነጻጸሩ። በሥራቸው ጥራት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። በቀጣዮቹ 8 ዓመታት ግን ያለፉት ከወደቁት ከእጥፍ በላይ ገንዘብ አገኙ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ልብ የሚነካ ነው። የወደቁት ለሚቀጥለው ድጎማ ማመልከት ቀነሱ። ልዩነቱን በከፊል የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው።

ከጎን ካለው ጋር በእውነት የሚሻሙት

አሁን ወደ ክፍሉ ውስጥ እንግባ። አንድ ቢሮ የሚጋሩ ሁለት ተማሪዎች በምን ይሻማሉ?

በዲግሪው አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚመዘነው በራሱ ነው። አንዷ ዲፌንሷን በጥሩ ሁኔታ ብትጨርስ የሌላው ዲፌንስ አይከብድም። ጆርናሎችም ከአንድ ትምህርት ክፍል ለስንት ሰው ቦታ እንስጥ ብለው አይነሱም። በመጀመሪያ ዲግሪ ጊዜ ነገሩ ይለያል። እዚያ ደረጃ ይወጣል፣ ተሸላሚው ይጠራል፣ አንዳንዴም ውጤት የሚሰጠው ተማሪውን ከተማሪ ጋር በማነጻጸር ነው። ድኅረ ምረቃ የሚገባው ሰው በዚያ ጨዋታ ሲያሸንፍ የኖረ ነው። ጨዋታው ሲቀየር ልማዱ አብሮት ይገባል።

የሚሻሙባቸው ነገሮች ግን አሉ፤ የሉም ማለት ተማሪውን ማሞኘት ነው። የአማካሪው ጊዜ አንዱ ነው። በሳምንት የሚተርፈው ሰዓት ውስን ነው፣ ረቂቅ አንብቦ የሚመልስበት ጉልበትም እንደዚያው። የላብራቶሪ መሣሪያ ተራ አለ። በትምህርት ክፍሉ ውስጥ የሚከፋፈል የረዳትነት ክፍያና የኮንፈረንስ ጉዞ ገንዘብ አለ። በጋራ ሥራ ላይ የስም ቅደም ተከተል አለ፤ በብዙ የሳይንስ ዘርፎች መጀመሪያ የሚጻፈው ስም የሥራው ባለቤት ተደርጎ ይቆጠራል። የምስክርነት ደብዳቤም አለ። «ካስተማርኳቸው ሁሉ ምርጧ ናት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድ አማካሪ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ሊጽፈው አይችልም።

ልብ ብሎ ላያቸው እነዚህ ነገሮች አንድ ጠባይ ይጋራሉ። ሁሉም የሚከፋፈሉት በአማካሪው ወይም በትምህርት ክፍሉ ነው። አንድም ተማሪ በእጁ የያዘው የለም። ተማሪው ግን አከፋፋዩን ትቶ ተካፋዩን ያያል።

ቅርብ ያለው የሚያመውስ ለምንድን ነው?

ይህን ለመረዳት ማኅበራዊ ንጽጽር የሚባለው ሐሳብ ይጠቅማል። ሥነ ልቦና ሊቁ ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንዳስቀመጠው፣ ሰው ችሎታውን የሚለካበት ተጨባጭ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌላ ሰው ጋር ይለካል። የሚመርጠውም የሚመስለውን ሰው ነው። ሯጭ ሰዓት አለው። የሦስተኛ ዓመት የፒኤችዲ ተማሪ ምን አለው? ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎ ምናልባት ለሁለት ዓመት ያህል ማንም በእርግጠኝነት አይነግረውም። በዚህ ጭጋግ ውስጥ የምትታየው ብቸኛ ምልክት ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ናት። መለኪያው እሷ ትሆናለች።

አብርሃም ቴሰር የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደግሞ ሁለት ነገር ጨመረበት፤ ቅርበትና አግባብነት። የጓደኛችን ስኬት እኛ ራሳችንን በማንለካበት ነገር ላይ ሲሆን ያኮራናል። ጓደኛዬ ጥሩ ዘፋኝ ናት እንላለን። ስኬቱ የማንነታችን መሠረት ባደረግነው ነገር ላይ ሲሆን ግን ቅርበቱ ራሱ ያቆስላል። በሌላ አህጉር ያለ ሰው ትልቅ ሽልማት ቢያገኝ ግድ የለንም። የቢሮ ተጋሪያችን ትንሽ ሽልማት ስታገኝ ግን ምሳ አይበላልንም።

የተወዳዳሪው ቁጥርም ለውጥ ያመጣል። በ2009 የታተመ አንድ ሙከራ ላይ ተማሪዎች አጭር ፈተና በፍጥነት እንዲሠሩ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ ከ10 ሰው ጋር፣ ለሌሎቹ ከ100 ሰው ጋር እንደሚወዳደሩ ተነገራቸው። በሁለቱም ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ እኩል ነበር፤ ከላይ ያሉት 20 በመቶ ይሸለማሉ። የፈጠኑት ከ10 ጋር የተባሉት ናቸው። ተወዳዳሪው ሲያንስና ፊቱ ሲታይ ፉክክሩ ይሞቃል። ስድስት ሰው ያለበት የፒኤችዲ ክፍል ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

በዚህ ላይ የሚታየው መረጃ የተዛባ ነው። ተቀባይነት ያገኘ ፔፐር ይለጠፋል። ውድቅ የተደረገው አይለጠፍም። አንድ ሰው አምስት ጊዜ አመልክቶ አንዴ ቢሳካለት ጓደኞቹ የሚሰሙት ያንን አንዱን ነው። የራሱን አምስቱንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሙሉ መዝገብ ከሌሎች የተመረጠ መዝገብ ጋር ያነጻጽራል። ይህ ንጽጽር አሸናፊ የለውም።

እዚህ ጋ «የአስመሳይነት ስሜት» የሚባለውም ይነሳል። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 ያወጡት ቃል ነው። ከ150 በላይ ስኬታማ ሴቶችን አነጋግረው ብዙዎቹ «በስህተት ነው የገባሁት፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል» ብለው እንደሚያስቡ ጻፉ። ቃሉ ዛሬ ለሁሉም ነገር ይለጠፋል። የበሽታ ስም አይደለም። ተማሪው እንዲህ ሲሰማው ሁልጊዜ ጥፋቱ የአስተሳሰቡ ነው ማለትም አይደለም። ግብረ መልስ በማይሰጥ ቦታ ራስን መጠራጠር አንዳንዴ ምክንያታዊ መደምደሚያ ነው።

መንፈሳዊ ቅናትና ምቀኝነት

አማርኛ ለዚህ ስሜት የተለያዩ ቃላት ማዘጋጀቱ ይጠቅመናል። የሌላውን ስኬት አይቶ «እኔም እንደሱ» ማለትን መንፈሳዊ ቅናት እንለዋለን። «ለምን እሱ?» ብሎ ያገኘው እንዲወሰድበት መመኘት ደግሞ ምቀኝነት ነው። የሆላንድ ቋንቋም እንዲሁ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። በ2009 የሆላንድ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነስተው ሁለቱ ስሜቶች በእርግጥ የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ። አንደኛው ሰውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሌላኛው የላይኛውን ወደ ታች ለመጎተት ያነሳሳል።

የትኛው እንደሚነሳ የሚወስነው ምንድን ነው? ከዋናዎቹ አንዱ ሰውየው ያገኘው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ግምት ነው። ሌላው «እኔስ ብጥር ልደርስበት እችላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ያለን መልስ ነው።

ይህ ጉዳዩን ከግለሰብ ጠባይ አውጥቶ ወደ አሠራር ይመልሰዋል። የኮንፈረንስ ገንዘቡ በምን መስፈርት እንደተሰጠ በግልጽ የሚታወቅበት ክፍል ውስጥ ያላገኘው ሰው ይከፋዋል፤ ግን የሚቀጥለውን ያስባል። ማንም በማያውቀው መንገድ፣ በኮሪደር ወሬ የተሰጠ እንደሆነ ግን ያገኘችው ልጅ «እንዴት አገኘችው?» ትባላለች። ያው ሰው፣ ያው ገንዘብ ነው። ለውጡ መስፈርቱ ተጽፎ መለጠፉ ላይ ነው። ስለ ተማሪዎች ምቀኝነት የሚያማርሩ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች መጀመሪያ የራሳቸውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ቢያዩ ጥሩ ነው።

ውድድር የሚያበላሸው፣ ውድድር የሚሠራው

የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል ይባላል። እኔ ለምን ልዝጋው፣ እሱ ይዝጋው ሲባባሉ በሩ ክፍት ያድራል። የምርምር ቤትም እንዲህ ያሉ በሮች አሉት። መሣሪያውን ከተጠቀሙ በኋላ ማጽዳት አለ። አዲስ ገቢውን ማሠልጠን አለ። የተጠናቀቀ ኮድን ሌላው እንዲገባው አድርጎ መጻፍ፣ የሌላውን ረቂቅ ማንበብ አለ። ማናቸውም በሥራ ታሪክ ወረቀት ላይ አይቆጠሩም። ፉክክሩ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሞቱት እነዚህ ናቸው።

በ2007 የወጣ አንድ ጥናት 51 የአሜሪካ ሳይንቲስቶችን በቡድን በቡድን እያስቀመጠ ስለ ውድድር አወያየ። ስለ ጥቅሙ የተናገሩት ጥቂት ነው። ስለ ጉዳቱ ግን ብዙ አወሩ። ዘዴን በጽሑፍ ላይ አሟልቶ አለማስቀመጥ፣ ዳታ መደበቅ፣ የተቀናቃኝን ሥራ ሲገመግሙ ማዘግየት፣ ግንኙነት መሻከር፣ አልፎም ጥያቄ የሚያስነሳ የምርምር ሥነ ምግባር። 51 ሰው ጥቂት ነው፤ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ አይነግረንም። እንዴት እንደሚሠራ ግን ያሳያል።

የሌላው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። ሁለት ቡድኖች አንድን ጥያቄ ሲሽቀዳደሙበት መልሱ ቶሎ ይገኛል። ሁለቱ ለየብቻ አንድ መልስ ላይ ሲደርሱ ደግሞ መልሱ ይበልጥ ይታመናል። መውደቅ ራሱ የሚያጠነክርበት ጊዜም አለ። በ2019 የታተመ ጥናት ለአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ድጎማ አመልክተው ለጥቂት ያለፉና ለጥቂት የወደቁ ጀማሪ ተመራማሪዎችን ተከታተለ። ከወደቁት ውስጥ በሙያው የቀጠሉት በረጅም ጊዜ ካለፉት የተሻለ ተጽዕኖ ያለው ሥራ ሠሩ።

«በሙያው የቀጠሉት» የምትለዋ ግን ከባድ ናት። ከወደቁት አንዳንዶቹ ከድጎማው ሥርዓት ጨርሰው ወጥተዋል። ተመራማሪዎቹ ውጤቱ ደካሞቹ ስለወጡ ብቻ የመጣ አለመሆኑን ለማሳየት ጥረት አድርገዋል፤ አሳማኝም ነው። ሆኖም ይህንን ከሆላንዱ ጥናት ጋር አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። እዚያ የወደቁት ወደ ኋላ ቀሩ። እዚህ የጸኑት ቀደሙ። ልዩነቱ በከፊል ያለው ሰውየው ድጋሚ በመሞከሩና ባለመሞከሩ ላይ ይመስላል። ድጋሚ ለመሞከር ደግሞ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው፣ የሚጠብቅ አማካሪና የሚያበረታታ ጓደኛ ሊያስፈልግ ይችላል። «ውድድር ያጠነክራል» የሚለው አባባል ይህንን ወጪ አይቆጥርም።

መቀደም የሚሉት ስጋት

ተማሪዎችን ዝም ከሚያሰኙ ነገሮች ትልቁ መቀደም ነው። አንድ ሰው ለሦስት ዓመት የደከመበትን ግኝት ሌላው ቀድሞ ሲያሳትመው ማለት ነው። ሐሳቤን ከነገርኩት ይቀድመኛል ብሎ ከቢሮ ጓደኛው የሚደብቅ ብዙ ነው።

ስጋቱ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን ለሃያ ዓመት ገደማ ያብሰለሰለውን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ በ1858 ከአልፍሬድ ራሰል ዋላስ በደረሰው ጽሑፍ ላይ አገኘው። የሁለቱም ሥራ ጁላይ 1 ቀን 1858 ለንደን በሚገኘው የሊኒያን ማኅበር ፊት አብሮ ተነበበ። የዳርዊን መጽሐፍ በማግስቱ ዓመት ወጣ። መቀደም እንዲያ ባለ ጨዋነት የሚያልቅበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ያም ሆኖ ቅጣቱ ከሚፈራው ያንሳል። የፕሮቲን ቅርጽ በሚያጠኑ ቡድኖች ላይ የተሠራ አንድ የኢኮኖሚክስ ጥናት ሁለት ቡድኖች ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ላይ ሲሽቀዳደሙ የተቀደመው ምን እንደሚያጣ ለካ። የተቀደሙት አብዛኞቹ ሥራቸውን አሳትመዋል። ጆርናሉ ዝቅ ሊል ይችላል። ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን የሚጠቅሱበት ቁጥር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ይጎዳል፤ ግን «ሁሉን ነገር አጣሁ» አያሰኝም። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ የገመቱት ኪሳራ ከዚህ የባሰ ነበር።

አሠራሮችም እየተለወጡ ነው። «ፕሎስ ባዮሎጂ» የተባለው ጆርናል በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ተመሳሳይ ሥራ ቀድሞ ከወጣ በ6 ወር ውስጥ የደረሰውን «ተቀድሟል» ብሎ አልጥልም አለ። ቅድመ ኅትመት የሚባለውም ይረዳል። ይህ ጽሑፉ በጆርናል ከመገምገሙ በፊት በይፋ ገጽ ላይ ቀን ተጽፎበት የሚቀመጥበት መንገድ ነው። በፊዚክስ አርካይቭ የተባለው ገጽ ከ1991 ጀምሮ ይህንን ሲያደርግ ቆይቷል። ቀኑ የተመዘገበ ሥራ ላይ «ማን ቀደመ?» የሚለው ጭቅጭቅ ይቀላል።

ደግሞስ ከየት ነው የሚቀደሙት? በአብዛኛው አይተውት ከማያውቁት ላብራቶሪ ነው፤ ከአጠገብ ወንበር አይደለም። ሐሳብ ከጓደኛ መደበቅ ከሩቁ ቀዳሚ አያድንም። ስህተቱን ቀድሞ ሊያይ የሚችለውን አንባቢ ግን ያሳጣል።

በተግባር ምን ይደረጋል?

ራስህን ከሌላ አታወዳድር የሚለው ምክር ቢሰጥም አይሠራም። ፌስቲንገር እንዳለው ሰው መለኪያ ሲያጣ ያወዳድራል። የሚሻለው መለኪያውን መቀየር ነው። አማካሪን «በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በቂ የሚባለው ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ጽፎ መያዝ አንድ መንገድ ነው። መለኪያው በወረቀት ላይ ሲኖር ዓይን ወደ ጎን መሄዱን ይቀንሳል። ማወዳደር ካልቀረም የሙያውን ፍጥነት ማወቅ ይገባል። በኮምፒውተር ሳይንስ በዓመት ሁለት ሦስት ፔፐር ማውጣት የተለመደ ሊሆን ይችላል። በታሪክ ትምህርት አንድ መጣጥፍ ዓመታት ይወስዳል። የአንዱን በሌላው መለካት ከንቱ ድካም ነው።

ውድቀትን መናገርም የተዛባውን መረጃ ያስተካክላል። በ2016 የፕሪንስተን መምህሩ ዮሃነስ ሃውሾፈር ያልተሳኩለትን ማመልከቻዎች ሁሉ የዘረዘረበትን «የውድቀት ሲቪ» በይፋ አውጥቶ ነበር። ሐሳቡን ከእሱ በፊት በ2010 ሜላኒ ስቴፋን የተባለች ሳይንቲስት አቅርባዋለች። አንዳንዶች ይህን የሚችለው የተሳካለት ሰው ነው ብለው ተችተዋል፤ ትክክል ናቸው። የተማሪ ቡድን ውስጥ ግን ነገሩ ቀላል ነው። በወር አንዴ ተቀምጦ የመጡትን የእምቢታ ደብዳቤዎች መነባበብ ማንንም አያስከፍልም።

የጋራ ሥራ ከሆነ የስም ቅደም ተከተል የሚነሳው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ጽሑፉ አልቆ ሲነሳ ጠብ ነው። በርካታ ጆርናሎች አሁን እያንዳንዱ ጸሐፊ ምን እንደሠራ በ14 የአስተዋጽኦ ዓይነቶች ከፋፍሎ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ። ያንን ዝርዝር ከመጀመሪያው ይዞ መነጋገር ከ«እኔ ነኝ የሠራሁት» ክርክር ያወጣል።

እንቅልፍ ማጣት ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ሥራው ጋ መቅረብ ካስፈራ፣ መኖር ትርጉም ካጣ፣ ጉዳዩ ከውድድር ምክር አልፏል። የጤና ባለሙያ ማየት ነው።

ሁለት ተማሪ በአንድ ጥያቄ ላይ

እስካሁን ከተነሱት ሁሉ የከፋው አማካሪው ሆን ብሎ ሁለት ተማሪዎችን በአንድ ጥያቄ ላይ ሲያሰማራ ነው። ቀድሞ የጨረሰው ፔፐሩ የእሱ ይሆናል። አንዳንድ ላብራቶሪ ውስጥ ይህ እንደ አሠራር ተይዟል። ለአማካሪው ኪሳራ የለውም፤ ማንም ቢያሸንፍ ስሙ አለበት። ለተማሪዎቹ ግን የአንዱ ዓመታት እንዲባክኑ ተፈርዶበታል።

እዚህ ጋ ውድድሩ በስሜት ብቻ ያለ አይደለም። ከአጠገብ ሰው ጋር ነው፣ እውነተኛም ነው። «በአስተሳሰብህ ላይ ሥራ» የሚለው ምክር እዚህ ስድብ ይሆናል። የኃይል ሚዛኑም ግልጽ ነው፤ ተማሪው ከሁሉም ያነሰ ሥልጣን ያለው ነው።

የሚቻለው ትንሽ ነገር ሁለቱ ተማሪዎች ተነጋግረው አብረው መሄዳቸው ነው። ለየብቻ የሚሄድ ከሳሽ ይመስላል። አብረው ሲሄዱ ጥያቄው የአሠራር ጥያቄ ይሆናል። የጥያቄው የትኛው ክፍል የማን ነው? አንዱ ቀድሞ ቢጨርስ የሌላው ሥራ በምን መልኩ ይወጣል? ስሞቹ እንዴት ይቀመጣሉ? መልሱን በኢሜይል ጠቅለል አድርጎ «እንዲህ ተረድተናል» ብሎ መላክ ደግሞ በኋላ ይጠቅማል።

አማካሪው ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው ምላሽ ራሱ መረጃ ነው። አስቦበት የማያውቅ ሰው ያስብና ያከፋፍላል፤ እንዲህ ያሉ አማካሪዎች ብዙ ናቸው። «ማን እንደሚችል እናያለን» የሚል መልስ ከመጣ ግን ተማሪዎቹ ሌላ አማካሪ ስለመቀየር ሕጉ ምን እንደሚል የሚያነቡበት ጊዜ ደርሷል። በሁለተኛው ዓመት ማንበቡ በአምስተኛው ከማንበብ ይቀላል።